ዐቃቢን መለወጥ፤ ከኡቡንቱ ወደ ዴቢያን ስለ መሻገር የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



ዛሬ የምናገርበት ነገር ለብዙ ሰው የባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ነገር ግን በላፕቶፑ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የሱቁን ሒሳብ የሚይዝ፣ ባሕር ማዶ ካሉት ዘመዶቹ ጋር በቪዲዮ የሚነጋገርና ማታ ማታ ፊልም የሚያይ ሰው፣ መሣሪያው በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ፣ አንድ ቀን «የያዝሁትን የሊኑክስ ዓይነት ትቼ ወደ ሌላው ልሂድን? ብሄድስ ምን አገኛለሁ፣ ምንስ አጣለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። የሊኑክስ ዓይነቶች በመቶ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑና ሁሉን እነካለሁ ማለት አንዱንም አለመጨበጥ ስለሚሆን፣ ከመንገዶቹ መካከል አንዱን ብቻ፣ ማለት ከኡቡንቱ ወደ ዴቢያን የሚወስደውን መርጬ በእርሱ ላይ እቈያለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር እንደምጠራም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 ለገዛ ኮምፒውተሩ ብሎ የጀመረውና ለዓለም የለቀቀው ሥራ፣ ዛሬ ከርነል የምንለው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ብቻ ነበር፤ ይህም እምብርት ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ኪቦርዱን ያስተዳድራል እንጂ እርሱ ራሱ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ሥዕልም አያሳይም። ከዚያ አስቀድሞ በ1983 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ ዐውጆ ነበርና፣ በዚያ ማኅበር ብዙ መሣሪያዎች ተሠርተው ሳለ የሚያንቀሳቅሳቸው ከርነል ገና ስላልደረሰ፣ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ። ይሁን እንጂ ከልዩ ልዩ አገርና ከልዩ ልዩ እጅ የወጡ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ፕሮግራሞችን ሰብስቦ፣ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ አድርጎ፣ የሚጫኑበትን መንገድ አበጅቶ፣ ጉድለት ሲገኝባቸውም አርሞ ለተራው ሰው የሚያደርስ አንድ አካል ማስፈለጉ አልቀረም፤ ይህን የሚሠራው ማኅበር ወይም ኩባንያ የሚያወጣው ሙሉ ስብስብ ነው እንግዲህ ሥርጭት፣ በወጣቶቻችን አነጋገር ዲስትሮ፣ የሚባለው።

ቁም ጸሐፊዎች በየገዳማቸው አንዱን መዝሙረ ዳዊት ሲገለብጡ ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ፣ የብራናው ፍቀት፣ የቀለሙ ጥራት፣ የሐረጉ ጌጥ፣ ይልቁንም ከግልበጣው በኋላ ስሕተቱን የሚያርመው ሰው ትጋት ከደብር ደብር ይለያይ ነበር፤ በሊኑክስም ዓለም ያለው ልዩነት የዚህ ዓይነት ነው። ከኡቡንቱ ወደ ዴቢያን የሚሻገረውን ሰው ፋየርፎክሱ ያው ፋየርፎክስ፣ ሊብረኦፊሱም ያው ሊብረኦፊስ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የሚለወጥበት፣ እነዚያን ፕሮግራሞች ከሠሪዎቻቸው ተቀብሎ፣ መርምሮና በጥቅል በጥቅል አሽጎ የሚያደርስለት ዐቃቢ፣ ከዐቃቢውም ጋር የጊዜ ቀመሩና የውሳኔው ሥርዓት ነው። ስለዚህ «የትኛው ያምራል?» ከማለት በፊት «ያለሁት በማን እጅ ነው? ይህ አካል ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ የእኔን ፈቃድ ማን ይጠይቃል?» ማለት ይገባል ባይ ነኝ።

መልክን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ተናግሬ ልለፍ። የመስኮቶቹ አቀማመጥ፣ የሜኑው ቦታና የቀለሙ ሁኔታ የሚመጣው ኖም፣ ኬዲኢ፣ ሲናሞን፣ ኤክስኤፍሲኢ ከሚባሉት የዴስክቶፕ ገጽታዎች ነው፤ እነዚህም በአንዱ ሥርጭት ላይ ጎን ለጎን ሊጫኑ፣ ፓስወርድ በሚገባበትም ሰዓት ሊመረጡ ይችላሉ። የስክሪኑ መልክ ስለ ሰለቸው ብቻ ዲስኩን ደምስሶ ከሥርጭት ወደ ሥርጭት የሚዞር ሰው ጥቂት አይደለም፤ እኔ ይህን እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ሥራ አልቈጥረውም።

ኡቡንቱ የአንድ ሰው ሀብትና የአንድ ኩባንያ ፈቃድ የወለደው ነው። ደቡብ አፍሪቃዊው ማርክ ሻትልወርዝ የመሠረተውን የኢንተርኔት ደኅንነት ኩባንያ በ1999 ለአሜሪካው ቬሪሳይን ሸጦ ባለጸጋ ከሆነ በኋላ፣ በ2002 በሩሲያ መንኰራኵር ወደ ጠፈር ወጥቶ ተመለሰ፤ በ2004 ደግሞ ካኖኒካል የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ኡቡንቱ 4.10ን አወጣ፤ ቍጥሩም ዓመቱንና ወሩን የሚያመለክት ነው። ሊኑክስን ለመጫን የባለሙያ እጅ በሚያስፈልግበት በዚያ ዘመን የኡቡንቱ ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ ከ2005 እስከ 2011 ድረስ በፖስታ ያለ ክፍያ ይላክ ስለ ነበር፣ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ በሆነበት አገር ሁሉ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሊኑክስ ኡቡንቱ መሆኑ አያስደንቅም። ይህን ውለታ ሳያስታውሱ ኡቡንቱን መንቀፍ ፍትሕ አይሆንም።

ነገር ግን በኩባንያ የሚተዳደር ነገር የኩባንያውን ፈቃድ መከተሉ የግድ ነው። በ2011 ዩኒቲ የተባለው የራሱ ገጽታ ዋና ሆኖ ገባ፤ ተጠቃሚው ከብዙ ማጕረምረም በኋላ ለምዶት ሳለ፣ ከገባ በስድስት ዓመቱ ኩባንያው ትቶት ወደ ኖም ተመለሰ። በ2012 በወጣው በ12.10 ተጠቃሚው በገዛ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፋይል ሊፈልግ የጻፈው ቃል ወደ ውጭ እየተላከ ከፋይሎቹ ጎን የአማዞን ሸቀጦች ይታዩ ጀመር፤ ይህም ነገር እንደ ነባር ቅንብር መሆኑ የቀረው በ2016 ነው። በዘመናችን ብዙውን ሰው ወደ ሌላ ሥርጭት እንዲያይ ያደረገው ግን ስናፕ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቈይ።

በቀድሞው ሥርዓት አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልጉት የጋራ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለት ብዙ ፕሮግራሞች የሚካፈሏቸው የኮድ ክፍሎች፣ አንድ ጊዜ ተጭነው ለሁሉ ያገለግላሉ፤ ስናፕ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ይዞ በራሱ ክልል ውስጥ ታጥሮ እንዲኖር ያደርጋል። ይህ አሠራር ጥቅም የለውም አልልም፤ የፕሮግራሙ ሠሪ አዲሱን እትም በቀጥታ ለተጠቃሚው ያደርሳል፣ አጥሩም ለደኅንነት ይረዳል። ቅሬታው የመጣው በሌላ በኩል ነው። በ2022 ከወጣው ከ22.04 ጀምሮ ተጠቃሚው ፋየርፎክስን በለመደው የጥቅል መጫኛ፣ በአፕት ትእዛዝ «ጫንልኝ» ቢል፣ አፕት ራሱ ዘወር ብሎ ስናፑን ያመጣለታል፤ የጠየቀው አንድ ነገር፣ የተሰጠው ሌላ ነው። የስናፕ መደብር ያለው በካኖኒካል እጅ ብቻ ሲሆን የሰርቨሩም ኮድ ለሕዝብ አልተገለጠም። ከዚህም ሌላ ስናፕ በነባር ቅንብሩ በቀን አራት ጊዜ አዲስ እትም መኖሩን እየመረመረ ራሱ ያወርዳል፤ ይህም ኢንተርኔት እንደ ውኃ በሚፈስበት ከተማ ለሚኖር ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፣ ዳታ በጊጋባይት እየገዛ በሞባይሉ በኩል ላፕቶፑን ለሚያገናኝ ሰው ግን የኪስ ጉዳይ ነው። እርግጥ ነው፣ ማዘግየትም ማቆምም ይቻላል፤ ዳሩ ግን ተጠቃሚው ሳይጠይቅ የመጣ ነገር ለማቆም ተጠቃሚው መማር ሲኖርበት፣ ሸክሙ በማን ላይ እንደ ወደቀ ግልጽ ነው።

ዴቢያን ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለውም። ኢያን መርዶክ የተባለ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ አሜሪካዊ ወጣት በኦገስት 16 ቀን 1993 ከዐወጀው ጀምሮ፣ ቍጥራቸው አንድ ሺህ ያህል በሚሆን፣ በዓለም ሁሉ በተበተኑ በጎ ፈቃደኞች እየተጠበቀ እስካሁን ኖሯል። በ1997 ከተጠቃሚዎቹ ጋር የገባውን ማኅበራዊ ቃል ኪዳን፣ በ1998 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን አጽድቋል፤ መሪውም በየዓመቱ በአባላቱ ድምፅ ይመረጣል፣ ትልልቅ ክርክሮችም በጠቅላላ ድምፅ ይቈረጣሉ። ይህ ሲባል ማኅበሩ ከጠብ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አገልግሎቶቹን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ የተባለው ክፍል ይግባ አይግባ ተብሎ በ2014 የተነሣው ክርክር እጅግ የመረረ ስለ ነበር፣ ያልተስማሙት ወጥተው ዴቩዋን የተባለውን የራሳቸውን ሥርጭት መሥርተዋል። ልዩነቱ፣ ጠቡም ፍርዱም በአደባባይ መሆኑ ነው፤ ማን ምን ብሎ እንደ ተከራከረና ድምፁ እንዴት እንደ ተቈጠረ ማንኛውም ሰው ገብቶ ሊያነብ ይችላል።

ወደ ጊዜ ቀመሩ ስንመጣ፣ በዴቢያን አዲስ ጥቅል መጀመሪያ የሚገባው ሲድ በተባለው ክፍል ነው። (የዴቢያን እትሞች ሁሉ ስማቸውን የሚወስዱት በ1995 ከጀመሩት ቶይ ስቶሪ ከተባሉት ፊልሞች ገጸ ባሕርያት ነው፤ ከቀደሙት መሪዎች አንዱ ብሩስ ፔረንስ በዚያ ዘመን ፊልሙን በሠራው በፒክሳር ይሠራ ነበርና። ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊቶችን የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ስለ ሆነ፣ ስሙ ላልጸናው ክፍል መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም።) ጥቅሉ በዚያ ጥቂት ቀናት ሰንብቶ ከባድ ጉድለት ካልተገኘበት ቴስቲንግ ወደሚባለው ክፍል ይሸጋገራል፤ ከዚያም ጊዜው ሲደርስ በሩ ይዘጋና ለብዙ ወራት የሚደረገው ማረም ብቻ ይሆናል። ከማረሙ በኋላ የሚወጣው የጸናው እትም ነው፤ 10ኛው በ2019፣ 11ኛው በ2021፣ ቡክወርም የተባለው 12ኛው በ2023፣ ትሪክሲ የተባለው 13ኛው በ2025 ወጥተዋል። በቡክወርም ውስጥ የነበሩት ጥቅሎች ከ64000 በላይ ናቸው። አንድ እትም ከወጣ በኋላ የፕሮግራሞቹ ደረጃ በመሠረቱ አይለወጥም፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ዐቃቢዎቹ እርማቱን ብቻ ወደ ነባሩ እትም ያመጡታል። ዛሬ የሊብረኦፊስን ሜኑ የለመደች ጸሐፊ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላም ያንኑ ሜኑ ታገኛለች።

ኡቡንቱ ራሱ የተሠራው ከዚሁ ከዴቢያን፣ በተለይም ከሲድ በሚወሰዱ ጥቅሎች ላይ መሆኑን ብዙ ተጠቃሚ አያውቅም፤ ስለዚህ ከኡቡንቱ ወደ ዴቢያን የሚሄድ ሰው ወደ ምንጩ ይወጣል እንጂ ወደ ባዕድ አገር አይሰደድም። አፕቱም ያው፣ የፎልደሮቹም ሥርዓት ያው ነው።

ከሥርጭት ወደ ሥርጭት ትልልቅ ድርጅቶችም ይመላለሳሉ። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር 15000 ያህል ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊኑክስ ባዛወረ ጊዜ ሥራውን የጀመረው በዴቢያን ሲሆን፣ በኋላ ወደ ኡቡንቱ ተሻግሯል፤ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ፣ ይህ ግን የሌላ ቀን ታሪክ ነው። ጉግል በተቃራኒው ለሠራተኞቹ ያዘጋጀውን፣ በኡቡንቱ ላይ የቆመውን ጉቡንቱን ትቶ በዴቢያን ቴስቲንግ ላይ ወደ ቆመው ጂሊኑክስ ሄዷል፤ ምክንያቱም በየሁለት ዓመቱ ከ100000 በላይ የሆኑ መሣሪያዎችን በአንድ ጊዜ ወደ አዲስ እትም ማሻገር አድካሚ ስለ ሆነበት፣ ለውጡ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ እንዲመጣ መረጠ። ልብ በሉ፤ ጉግል የመረጠው የዴቢያንን ፈጣን እግር ነው፣ እኔ ለቤትና ለቢሮ የምመክረው ደግሞ ዘገምተኛውን። ለአንዱ ፈውስ የሆነው የጊዜ ቀመር ለሌላው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ጉግል ሥራውን የሚከታተልለት የመሐንዲሶች ጉባኤ አለው፣ የእናንተን ላፕቶፕ የምትከታተሉት ግን እናንተው ናችሁ።

እንግዲህ ለመሻገር የቈረጠ ሰው ምን ያድርግ? ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ዴቢያንን ላይቭ በሚባለው ዓይነት በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሣ፤ በዚህ ሁኔታ በዲስኩ ላይ ምንም ሳይጻፍ ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መሰማቱን፣ ካሜራው ማየቱን፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈትም መንቃቱን ይፈትናል። ዋይፋይን በሚመለከት ዴቢያን ለረጅም ዘመን ክፉ ስም ነበረው፤ ለሽቦ አልባው ካርድ የሚያስፈልገው ፈርምዌር የሚባለው ክፍል ኮዱ የተዘጋ ስለ ሆነ፣ ማኅበሩ በቃል ኪዳኑ መሠረት በመጫኛው ውስጥ አላስገባም ይል ነበርና። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ከ12ኛው እትም ጀምሮ አብሮ እንዲገባ ወሰኑ፤ ከዚያ ወዲህ ችግሩ እጅግ ቀንሷል። በአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው የብሮድኮም ካርድ ብቻ አሁንም ለብቻው ሾፌር ይፈልጋል፤ ለዚያ ጊዜ ስልክን በኬብል አገናኝቶ ኢንተርኔቱን በእርሱ በኩል ማሳለፍ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ባለ 32 ቢት አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ 13ኛው እትም ለእናንተ መጫኛ እንደሌለው እወቁ፤ የመጨረሻችሁ 12ኛው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የገዛ ንብረትን ማሸጋገር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስፍራ ስላለ ቀስ ብለን እንሂድ። የተጠቃሚው ንብረት ሁሉ ያለው ሆም በሚባለው ክፍል፣ በስሙ በተከፈተው ፎልደር ውስጥ ነው። ሆም በራሱ የዲስክ ክፋይ ላይ ተለይቶ ከሆነ፣ በመጫኑ ጊዜ «ይህን ክፋይ ፎርማት አታድርግ» ብሎ መቀጠል ይበቃል፤ ሆኖም ኡቡንቱ በነባር አጫጫኑ ሆምን አይለይም፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ወደ ውጭ ዲስክ መቅዳት ይኖርበታል። ሲቀዳም ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ፎልደሮች ስለማይታዩ፣ ኮንትሮልና የኤች ቍልፍን አብሮ ተጭኖ እንዲገለጡ ያድርግ፤ የፕሮግራሞቹ አብዛኛው ቅንብር ያለው በእነርሱ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ተራው ፍላሽ ብዙ ጊዜ በፋት32 የተዘጋጀ ስለሚሆን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የፋይሎቹንም ባለቤትና ፈቃድ ይጥላል፤ ስለዚህ በሊኑክስ አሠራር በኤክስት4 የተዘጋጀ ውጫዊ ዲስክ ይሻላል። የፋይል ባለቤትነት የሚመዘገበው በስም ሳይሆን በቍጥር ሲሆን፣ በሁለቱም ሥርጭቶች የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቍጥር 1000 በመሆኑ ፋይሎቹ በአዲሱ ቤት ጌታቸውን ያውቃሉ።

አሁን ፋየርፎክስን እንመልከት። ሁሉን በሚገባ ቀድቶ ዴቢያንን የጫነ ሰው ፋየርፎክስን ሲከፍት፣ ያከማቻቸው ገጾች፣ የያዛቸው ፓስወርዶች፣ ሁሉም የሉም፤ ብራውዘሩ «እንኳን ደኅና መጡ» እያለ እንደ እንግዳ ይቀበለዋል። ነገሩ አልጠፋም። በኡቡንቱ ፋየርፎክስ ስናፕ ስለ ነበረ መዝገቡን የሚያስቀምጠው ስናፕ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በፋየርፎክስ ስም ሥር፣ ኮመን በተባለው ክፍል ነው፤ የዴቢያኑ ፋየርፎክስ ግን የሚፈልገው በቀጥታ በሆም ሥር በነጥብ ሞዚላ በሚለው ፎልደር ነው። ፎልደሩን ወደዚያ ማዛወር ይቻላል። ከተዛወረ በኋላ ግን ሁለተኛ መሰናክል ይመጣል፤ ዴቢያን የሚያቀርበው ረጅም ድጋፍ ያለውን ኢኤስአር የተባለውን የፋየርፎክስ ዓይነት ነው፣ ይህም በኡቡንቱ ከነበረው ወደ ኋላ የቀረ ይሆናል፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ከ2019 ወዲህ በአዲስ እትም የተከፈተን መዝገብ በአሮጌ እትም መክፈትን አይፈቅድም፣ «አዲስ መዝገብ ክፈት» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመሻገር በፊት በሞዚላ አካውንት አማካይነት ሁሉን ማመሳሰል፣ ወይም ሞዚላ ራሱ ለዴቢያን ካዘጋጀው ማከማቻ አዲሱን እትም መጫን ነው። ከኡቡንቱ 24.04 ጀምሮ የኢሜይሉ ፕሮግራም ተንደርበርድም በስናፕ ስለሚመጣ በእርሱም ላይ ያው ነገር ይደርሳል፤ የዐሥር ዓመት ደብዳቤ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ እንቅልፉን አያጣም።

ሌላው ከኡቡንቱ የሚመጣውን ሰው የሚያስደነግጠው የሥልጣን ጉዳይ ነው። በኡቡንቱ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሱዱ በተባለው ትእዛዝ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያገኛል። በዴቢያን መጫኛ ግን «የሩት፣ ማለት የአስተዳዳሪው፣ ፓስወርድ ስጥ» ተብሎ ሲጠየቅ አዲስ ሰው በታዛዥነት ይጽፋል፤ በመጻፉም ዴቢያን «እንግዲያስ አስተዳዳሪው ሌላ ነው» ብሎ ይቈጥርና ተጠቃሚውን ከሱዱ ማኅበር ውጭ ያስቀረዋል። በማግስቱ ሱዱ ብሎ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ስሙ በተፈቀደላቸው መዝገብ ውስጥ እንደሌለ ይነገረዋል።  የሩቱን ፓስወርድ ባዶ አድርጎ ያለፈ ሰው ግን ሥልጣኑን እንደ ለመደው ያገኛል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም አለኝ። የኡቡንቱም የዴቢያንም ጥቅሎች በዴብ ስለሚጨርሱ፣ በኡቡንቱ ፒፒኤ ከተባሉት የግል ማከማቻዎች የለመዱትን ጥቅል በዴቢያን ላይ መጫን ለብዙ ሰው ተፈጥሯዊ ይመስለዋል። ጥቅሉ የተሠራበት የቤተ መጻሕፍት ደረጃ ከዴቢያኑ ስለሚለይ፣ መጀመሪያ የሠራ ይመስልና ከወራት በኋላ፣ አፕዴት በሚደረግበት ቀን፣ አንዱ ጥቅል ሌላውን እየጐተተ ሥርዓቱ ሁሉ ይናወጣል። በዴቢያን የሌለ ወይም ያረጀ ፕሮግራም ያስፈለገው ሰው ባክፖርትስ የተባለውን የማኅበሩን ማከማቻ፣ እርሱም ካልበቃ ፍላትፓክ የተባለውን የጥቅል ሥርዓት ይጠቀም።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ሌላ የሚያሳስበን ነገር አለ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ በሁለቱም ሥርጭቶች ማንበብ ችግር አይደለም፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች በማከማቻው ይገኛሉ። ለመጻፍ ግን አይ-ባስ የተባለው የጽሕፈት ሥርዓት፣ ከእርሱም ጋር ኤም17ኤን የተባለው ክፍል ያስፈልጋል፤ በዚህ ውስጥ ሴራ የሚባለው አጻጻፍ ሲመረጥ፣ የላቲኑን ኤስ ብትነኩ ስክሪኑ ላይ ስ ይወጣል፣ «ኢ»ን ብታስከትሉ ያው ፊደል ሰ ይሆናል፤ ኤልን ብትነኩ ል፣ «ኤ»ን ስታስከትሉ ላ፣ በኤም ም፣ ሰላም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የሆም ፎልደር ሲቀዳ ይህ ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ አብሮ ይሄዳል፣ ሆኖም ኤም17ኤን በአዲሱ ሥርጭት ላይ ካልተጫነ ምርጫው ብቻውን አይሠራም፤ አማርኛው የጠፋ መስሏቸው ወደ ኡቡንቱ የሚመለሱ ሰዎች የጐደላቸው ይህ አንድ ጥቅል ነው። በዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ሰነድም በሊኑክስ ሲከፈት ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ይተካል፣ መስመሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ ዐሥር ገጽ የነበረው ደብዳቤ ዐሥራ አንድ ሊሆን ይችላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ያለው ሰው ደግሞ፣ በሆሙ ውስጥ በስውሩ የፎንቶች ፎልደር ያስቀመጠውን የቀድሞ ፎንት ሳይቀዳ እንዳይሄድ፤ ያ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚታየው።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ሁላችሁም ተነሥታችሁ ሂዱ የምል እንዳይመስላችሁ። በኡቡንቱ 24.04 የሚሠራ ሰው እስከ 2029 ድረስ የደኅንነት እርማት ያገኛል፤ ስናፕ ካላስቸገረው፣ ሥራውም የሚሄድለት ከሆነ፣ የሚያስቸኵለው የለም። በቅርብ የወጣ ላፕቶፕ የገዛ ሰውም ለአዲሱ ካርድ አዲስ ከርነል ስለሚያስፈልገው፣ የዴቢያን የጸናው እትም ሊያረጅበት ይችላልና በየስድስት ወሩ የሚታደሰውን ፌዶራ የተባለውን ሥርጭት ቢያይ ይሻለዋል። ዴቢያን የሚስማማው፣ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ለዓመታት እንዳይነካበት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ከ12ኛው ወደ 13ኛው ለመሄድም እንደ ገና መጫን አያስፈልገውም፣ የማከማቻዎቹን አድራሻ ለውጦ ማሻገር ይችላል።

በሁለቱ መካከል ለሚያመነታ ሰው ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። በ2006 የተጀመረው ሊኑክስ ሚንት በዋና እትሙ በኡቡንቱ ላይ የቆመ ነው፤ በ2020 በወጣው 20ኛ እትሙ ግን አፕት ስናፕን ተጠቃሚው ሳያውቀው እንዳያስገባ በሩን ዘግቷል። ይኸው ማኅበር ኤልኤምዲኢ የተባለ ሁለተኛ እትም ያወጣል፤ መልኩ የሚንት፣ ገጽታው ሲናሞን፣ መሠረቱ ግን ቀጥታ ዴቢያን ነው። ማኅበሩ ይህን እትም የሚጠብቅበት ምክንያት በግልጽ የተነገረ ነው፤ ኡቡንቱ አንድ ቀን ቢጠፋ፣ ሚንት በዴቢያን ላይ ቆሞ ሥራውን እንዲቀጥል ነው።